ዋቱ ያው ነው፣ ኮራሌ ግን ነጣ፤ ከፍሎረሰንት ወደ ኤልኢዲ እንዴት ልቀይር?

ሽምብጥ90 (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ? ባህር ዳር ነኝ። ቤቴ 90 በ45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነች የጨው ውሃ ገንዳ አለችኝ፣ 180 ሊትር ገደማ ትይዛለች። ሁለት ክላውንፊሽ ዓሦች፣ ዞአንተስ የሚባሉ ኮራሎች፣ እንጉዳይ ኮራል እና አንድ ሃመር ኮራል አሉባት። ኮራሎቹን አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ከራሱ ገንዳ ቆርጦ ነው የሰጠኝ። በአይስቦክስ አድርጌ በአውሮፕላን አመጣኋቸው።

እስካሁን የምጠቀመው አራት ባለ 39 ዋት ቲ5 ፍሎረሰንት ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ አልቀየርኳቸውም፣ ምክንያቱም ለኮራል የሚሆነውን ሰማያዊ ፈልጌ አጣሁ፣ ሱቅ ስጠይቅ የሚያወጡልኝ የቢሮውን ነጭ ነው። ስለዚህ ባለ 165 ዋት ኤልኢዲ ከውጭ አስመጣሁ። ሐሙስ ሰቀልኩት። ነጩንም ሰማያዊውንም 100 ፐርሰንት አድርጌ በቀን 10 ሰዓት አበራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳየው ሃመሩ አጽሙ ውስጥ ተሸጉጧል፣ ወደ መብራቱ የዞረው ጎኑም ነጥቷል። ዞአንተሶቹ እንደ ተጨበጠ ቡጢ ተዘግተዋል። ከድንጋዩ ጥላ ስር ያሉት እንጉዳዮች ብቻ ደህና ናቸው። በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ሃመሩን ከአንዲት ራስ ጀምሬ ነው ያሳደግኩት። ግራ የገባኝ ደግሞ ዋቱ ነው። የድሮው 156፣ የአሁኑ 165። ታዲያ ምን አቃጠላቸው?

ሰማያዊት

አይዞህ ወንድሜ፣ ሥጋው እስካልተላጠ ድረስ ሊመለስ ይችላል። አሁኑኑ ግን መብራቱን ቀንስ፣ ሌላውን ቀስ ብለህ ታነበዋለህ።

ዋት የሚነግርህ መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው። ኮራሉ ጋ ስንት ብርሃን እንደደረሰ አይነግርህም። ፍሎረሰንት ዙሪያውን ነው የሚረጨው፣ ግማሹን አንጸባራቂው ካልመለሰው ወደ ጣራ ይሄዳል። ኤልኢዲው ግን በእያንዳንዷ አምፖል ላይ ሌንስ አለው፣ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ታች ይልከዋል። ሌላው አንተ ያላሰብከው ነገር ደግሞ የአምፖሎቹ ዕድሜ ነው። ቲ5 በ9 እና በ12 ወር መካከል መቀየር አለበት፣ ለዓይናችን እንደበፊቱ ቢመስልም ኮራሉ የሚፈልገው ብርሃን እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ኮራሎችህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ ደብዛዛ ብርሃን ለምደው ነበር። በአንድ ጊዜ ከጓዳ አውጥተህ የቀትር ፀሐይ ላይ አሰጣሃቸው ማለት ነው።

በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ዞዛንቴሌ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ። በብርሃን ምግብ ሠርተው ለኮራሉ ያካፍላሉ። ብርሃኑ ከአቅም በላይ ሲሆን ግን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ያመነጫሉ፣ ኮራሉም ያስወጣቸዋል። ነጣ ያልከው እሱ ነው፣ በጠራው ሥጋ በኩል አጽሙ ሲታይህ ነው።

እኔ ብሆን ሰማያዊውን 30፣ ነጩን 10 ፐርሰንት አደርጋለሁ። መብራቱን ከውሃው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ስቀለው። በቀን 6 ሰዓት ይበቃል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ካደረግከው ከሥራ ስትገባ ታያቸዋለህ። ሃመሩን ወደ ታች፣ ወደ ጥግ አውርደው። ከዚያ በሳምንት 5 ፐርሰንት ብቻ ጨምር፣ አንዱ ኮራል እንኳን ቅር ካለው ያን ሳምንት እለፈው። ለአንተ ዓይነቶቹ ከ50 እስከ 150 ፓር (ኮራሉ ጋ የሚደርሰው ጠቃሚ ብርሃን መለኪያ) ይበቃቸዋል። 250 እና 300 የሚባለው ብዙ ብርሃን ለሚፈልገው ለአክሮፖራ ኮራል ነው። በስልክ አፕ እለካለሁ እንዳትል፣ የስልክ መለኪያ ሰማያዊ ብርሃን ላይ ያሳስታል።

የዓባይ ማዶ

እህታችን የብርሃኑን ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ መብራት መጥፋት ልጨምር። ያ ባለ ጥርስ ታይመር ካለህ ቀይረው። መብራት ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ እሱም ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ አንተ ተኝተህ ኤልኢዲው እስከ እኩለ ሌሊት ያበራል። እኔ በዚህ ምክንያት ለሁለት ሳምንት ኮራሎቼ ለምን እንደከፋቸው ስፈልግ ነበር። የራሱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ግዛ።

ኤልኢዲውን ግን ኢንቨርተር ላይ አትሰካው። ኮራል ሁለት ሦስት ቀን ያለ ብርሃን ይቆያል፣ ያለ ኦክስጅን ግን ሌሊቱን ላያድር ይችላል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባህር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ የጨው ውሃ ደግሞ ጨው ከሌለው ውሃም ያነሰ ነው የሚይዘው። ባትሪህን ውሃውን እያናወጠ ኦክስጅን ለሚያስገባው ለሞገድ ሰሪው ፓምፕ አስቀምጥ። 10 ዋት የሚበላ ከሆነ የመኪና ባትሪ ሌሊቱን በደንብ ያሳድረዋል። የመብራቱን ገመድ ደግሞ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንዲመለስ አድርገው፣ የጨው ውሃ በገመዱ ላይ እየተንጠባጠበ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ጣና_ዳር

አንድ ነገር ብቻ። ብርሃን ስትጨምር ፎስፌት እና ናይትሬትህን ለካ። እምቦጭ ጣናን እንዲያ የሸፈነው ከየእርሻው እየታጠበ የሚገባውን ማዳበሪያ አግኝቶ ነው፣ ገንዳህ ውስጥም አልጌው እንደዚያው ነው። ምግቡ ካለ ብርሃኑን ብቻ ነው የሚጠብቀው። የምትሞላው በቧንቧ ውሃ ከሆነ ተወው፣ በአርኦ (በረቂቅ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ተጠቀም። የሐይቁን ውሃ በጨው በጥብጠው የሞከሩ አውቃለሁ፣ በወሩ መስታወቱ አረንጓዴ ሆነባቸው።

ሽምብጥ90 (ጠያቂ)

ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሰማያዊት እንዳለችው በዚያው ቀን 30 እና 10 አደረግኩት፣ ሃመሩንም አወረድኩት። ዞአንተሶቹ በአራተኛው ቀን ተከፈቱ። ሃመሩ ሳምንት ሙሉ አልወጣም ነበር፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ትናንት ማታ ግን በጥላው በኩል ያሉት ሁለቱ ራሶች ተነፍተው ጫፋቸው አረንጓዴ ሲያበራ አየሁ፣ ባለቤቴን ከኩሽና ጠርቼ አሳየኋት። የነጣው ራስ ገና ነው፣ ሥጋው ግን አለ።

ታይመሩም የምር ባለ ጥርስ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ። ፎስፌቱ 0.2 ወጣ፣ ብዙ ነው መሰለኝ፣ ምግብ ቀንሼ ውሃ እየቀየርኩ ነው። ሰማያዊው አሁን 40 ላይ ደርሷል። ነጩን ገና አልነካሁትም።