ለወፍ በሽታ ክትባት እንፈርም ወይስ ሽንት ቤቱን እናሠራ?

የጀሞዋ እናት፦
ሰላም፣ እንዴት ዋላችሁ። የ13 ዓመቱ ልጄ የዛሬ ሦስት ሳምንት ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ጀመረው። ጉንፋን ነው ብለን ሁለት ቀን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ጠቆር ያለ ሻይ መሰለ፣ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። ላቦራቶሪ ሄፓታይተስ ኤ ነው አለ፤ የወፍ በሽታ የሚያመጣው የጉበት ቫይረስ ማለት ነው። ተመስገን፣ አሁን እየበላ ነው። ግን ከክፍሉ ሌሎች ሦስት ልጆችም ተኝተዋል። ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለን፤ ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "የኤ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ይግባ ብለን ለጤና ሚኒስቴር ፊርማ እናሰባስብ" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ፊርማውን ተዉትና አዋጥተን የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት እናሠራ" ይላል። እኔ ልፈርም ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለሱቁ፦
እንኳን ማረላችሁ እህቴ። እኔ ግን አልፈርምም። የወፍ በሽታ ዛሬ ነው እንዴ የመጣው? እኛ ልጅ ሆነን የሌሊት ወፍ ሸናበት ይባላል፣ ሸንኮራ መጠጥን፣ ቅባት ተከለከልን፣ ተነሣን። አሁን ሁሉ ነገር መርፌ ሆነ።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሌሊት ወፏ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን 🙂 ቫይረሱ የሚተላለፈው ከሰው ዓይነ ምድር በእጅ፣ በውሃና በምግብ አድርጎ ወደ አፍ ነው። "እኛም ታመን ድነናል" ያልከው ግን ቁም ነገር አለው፤ ክርክሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሲይዘው ከ10 ልጆች 7ቱ ምንም ምልክት አያሳዩም። ከያዘው በኋላ ዕድሜ ልክ አይመለስበትም። የኛ ትውልድ አብዛኛው ሳያውቀው በሕፃንነቱ ይዞት አልፏል። ከፍ ያለ ልጅና ዐዋቂ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ10 ሰው 7ቱና ከዚያም በላይ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሳምንታት ይተኛሉ፣ ጥቂቶቹ ላይ ጉበቱ በድንገት ሥራ ያቆማል። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል።

የቂርቆሱ፦
ሲስተር ካልሽው ተነሥቼ ልናገር። እኛ ግቢ አሥራ አንድ አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ነው የሚጠቀመው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን ጀሪካን እንሞላለን። የኔ ልጆች ይህን ቫይረስ መራመድ ሳይጀምሩ ጨርሰውታል ማለት ነው። ታዲያ ክትባቱ ለማን ነው? ሮቶ ላለው ኮንዶሚኒየም፣ ውሃ በሃይላንድ ለሚጠጣ ልጅ ነው። በድሃ ስም ተፈርሞ ለሌላው የሚደርስ ነገር ሰልችቶኛል።

የጀሞዋ እናት፦
ኧረ ወንድሜ፣ ኮንዶሚኒየም ማለት ሀብታም ማለት አይደለም። አራተኛ ፎቅ ውሃ በጀሪካን ተሸክሜ ነው የምወጣው።

ጋሼ መምህሩ፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁና አንድ ነገር ልበል። የቂርቆሱ ልጅና የጀሞው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ በሕፃንነቱ ይዞት አልፏል፣ ሌላው ንጹሕ ቤት ስላደገ አልያዘውም። በሽታው ሁለተኛውን የሚያገኘው በ13 ዓመቱ ነው፤ ያኔ ደግሞ ይጥለዋል። ከተማ ግማሽ በግማሽ ሲጸዳ የሚመጣ ጣጣ ነው ይህ። የሻንጋይን ታሪክ አንብቤያለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በደንብ ያልበሰለ፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ በልተው 300,000 ያህል ሰው በጥቂት ወራት ታመመ። ሕፃናትና ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሠራተኞች ነበሩ። በልጅነታቸው ስላልያዛቸው ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2008 ክትባቱን ለሕፃናት በብሔራዊ ፕሮግራሟ አስገባች።

ባለሱቁ፦
ጋሼ፣ እኛ አገር የባሕር ዛጎል ማን ይበላል?

ጋሼ መምህሩ፦
ዛጎል አትበላም፤ ሰላጣ ግን ትበላለህ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ሰላጣና ቆስጣ በምን ውሃ እንደሚጠጣ ሄደህ እየው፤ ሽታው ይነግርሃል። ቆስጣው ይቀቀላል፣ ሰላጣው ግን ጥሬውን ነው የሚቀርበው።

ከሐይፋ፦
ሻሎም ወገኖች። እዚህ እስራኤል ክትባቱ ለሕፃናት ሁሉ በነፃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ለመላው አገር በመስጠት የዓለም የመጀመሪያዋ እስራኤል ናት። የኔ ሁለት ልጆች በ18 ወራቸውና በ24 ወራቸው ጢፓት ሃላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ተወግተዋል። ከዚያ በፊት በዓመት ከ100,000 ሰው 50 ያህሉ ይታመም ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 2 እና 3 ወረደ። የሚገርመው ደግሞ ያልተከተቡት ትልልቆችም መታመም አቆሙ። ሳይታመም ቫይረሱን በየቤቱ የሚያዞረው ትንሹ ልጅ ነበራ።

ባለሱቁ፦
እስራኤል ቧንቧ ሲከፍቱት ውሃ ይወጣል እህቴ።

ከሐይፋ፦
ስለሱ ነው የምልህ! በ1990ዎቹም ይወጣ ነበር፤ 50ው ሰው የሚታመመው ውሃ እያለ ነው። ውሃ ብቻውን ቢያቆመው ኖሮ ክትባት ባላስፈለገ። ደግሞ ሁለቱን ማን አጣላቸው?

ነርሷ፦
ብር ነው ያጣላቸው። እኔ በክትባት ክፍል ስለምሠራ በግልጽ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ አትወዱልኝም ይሆናል። እዚህ አገር አዲስ ክትባት የገባው በአብዛኛው ለድሃ አገሮች ክትባት በሚደግፈው ዓለም አቀፍ ድርጅት በጋቪ ድጋፍ ነው፤ የሳንባ ምች በ2011፣ የሮታ በ2013፣ የማኅፀን በር ካንሰር በ2018 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ሄፓታይተስ ኤን ጋቪ አይደግፍም። ስለዚህ ሙሉ ወጪው ከመንግሥት ካዝና ነው። በሌላ በኩል የመጀመሪያዋን ፔንታ (አምስት በአንድ የሆነውን የሕፃናት ክትባት) እንኳ ያላገኘ ስንት ሕፃን አለ፤ ኩፍኝ በየዓመቱ ይገድላል። እኔ የመደብኩት ብር ቢሆን መጀመሪያ ለኩፍኝ ነው የማውለው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው አቋሙ፣ ሁሉም ልጅ በሕፃንነቱ በሚያዝበት አገር ክትባቱን ለሁሉ መስጠት አይመክርም፤ የሚመክረው የሚይዝበት ዕድሜ ከፍ እያለ ለመጣ አገር ነው።

አዲስ አባት፦
ይቅርታ፣ የኔ ልጅ ካርድ ላይ ሄፓታይተስ ተከትቧል ይላል። ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምንድነው?

ነርሷ፦
ያ ቢ ነው። በፔንታ ውስጥ አብሮ ይሰጣል። ኤ ሌላ ቫይረስ ነው፤ እንደ ቢ በዋናነት በደምና በወሊድ አይተላለፍም፣ ሥር የሰደደ በሽታም አይሆንም። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንዳንዱ ደግሞ "ሄፓታይተስ" ሲባል ልጁን ከሰው ይደብቃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ልናገር? ልጆቼን ክረምት ላይ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ እዚህ አሜሪካ ሐኪሙ የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ሳይሰጥ አያስወጣኝም፤ ለጉዞ ከ6 ወር ሕፃን ጀምሮ ነው የሚሰጡት። ከዚያ እናቴ ቤት ስንደርስ የእህቴ ልጅ ከልጄ ጋር በአንድ ኩባያ ይጠጣል። የኔ ተከትቧል፣ እሱ የለውም። ስለዚህ እኔ እፈርማለሁ።

የቂርቆሱ፦
ልጅሽ ለሁለት ወር ይከተባል፤ የኛ እዚሁ ይኖራል። እንዲያም ቢሆን ክትባቱ ከዚህ ቫይረስ ብቻ ነው የሚያድነው። ያ ሽንት ቤት ታይፎይድም አሜባም ኮሌራም አለበት። ሄፓታይተስ ኢ የሚባለውም በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው፤ ነፍሰ ጡር ይገድላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለአንዱ መርፌ ወግታችሁ ለአራቱ በር ክፍት ልትተዉ?

ነርሷ፦
ልክ ሰምተሃል። ኢ በነፍሰ ጡር ላይ ክፉ ነው።

ጋሼ መምህሩ፦
የቂርቆሱ ልጅ አሸንፎኛል ልል ነበር፤ ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሲስተር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በስንት ዓመታቸው እንደሚያዙ የሚለካው በምንድን ነው?

ነርሷ፦
በደም። በ10 ዓመታቸው ከ100 ልጅ 90ው ይዞት ካለፈ ከፍተኛ ሥርጭት ይባላል፤ ክትባት ለሁሉ አያስፈልግም። በ10 ዓመት ከ90 በታች ሆኖ በ15 ዓመት ግማሹና ከዚያ በላይ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ ያኔ ክትባቱ ያዋጣል። አርጀንቲና እንዲህ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2005 ለአንድ ዓመት ሕፃናት አንድ መርፌ ብቻ መስጠት ጀመረች፤ ሁለቱን ለመግዛት አልሞከረችም። ቀድሞ በዚህ ቫይረስ ጉበት የሚቀየርላቸው ልጆች ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ቀረ።

ጋሼ መምህሩ፦
እንግዲያው እኛ የምንጨቃጨቀው ሳንለካ ነው። አዲስ አበባ አንድ ቁጥር አይኖራትም፤ የቂርቆስ ግቢና የሲኤምሲ ግቢ ይለያያል። እኔ ፊርማው ላይ "ክትባቱ ይግባ" ከሚል "በየክፍለ ከተማው የ10 እና የ15 ዓመት ልጆች ደም ይመርመር፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር" ቢል እፈርማለሁ።

ባለሱቁ፦
ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ጥናት ተጠንቶ፣ ልጄ አግብቶ ይወልዳል 😂

የጀሞዋ እናት፦
ሲስተር፣ የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ከወንድሟ ጋር ነው የምትተኛው። አሁን ገዝቼ ላስወጋት?

ነርሷ፦
ከታመመ ሰው ጋር ከተነካካች በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን በደንብ ይረዳ ነበር፤ አሁን ያ ጊዜ አልፏል እህቴ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ በአማካይ 28 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ዓይኗን፣ የሽንቷን ቀለም እዪ። ምናልባት ይዟት ዝም ብሎ አልፎ ይሆናል። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ካስመለሳት ወደ ጤና ጣቢያ፤ ፓራሲታሞል በራስሽ አትስጫት። ደግሞ አደራ፣ ለወፍ በሽታ እያሉ የሚሰጡትን እንዶድና ቅጠል አታጠጪ፤ የታመመ ጉበት ላይ መርዝ መጨመር ነው። የእጅ ሳኒታይዘርም ይህን ቫይረስ ብዙም አያጠፋውም፤ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ይሁን። የምትጠጣውን ውሃ አፍሊው፣ ካልሆነ ውሃ አጋር የሚባለውን ማከሚያ ጨምሪበት።

የጀሞዋ እናት፦
እሺ። እስቲ ልጄ ትናንት የነገረኝን ልጻፍላችሁ። ትምህርት ቤት ለምን ውሃ አትጠጣም አልኩት፤ "ሽንት ቤት እንዳልሄድ ነው" አለኝ። ለ400 ወንዶች አራት ጉድጓድ ነው፤ ሁለቱ በር የላቸውም። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ አለ፣ ሮቶው ባዶ ነው። ሳሙናስ አልኩት። "ሳሙና አለ፤ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ተቆልፎበት ነው፤ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ይወጣል።" ምሳቸውን እዚያው በእጃቸው ይበላሉ። ቅዳሜ መጀመሪያ የማነሣው ይህን ነው፤ ፊርማው ጋሼ እንዳሉት ይሁን።

የቂርቆሱ፦
ይኸውልሽ። እኔም እመጣለሁ፤ ሰባተኛ ክፍል ልጅ አለኝ እዚያ።

ባለሱቁ፦
ፈሳሽ ሳሙና በሃያ ሊትር ጀሪካን አለኝ፤ በመጣበት ዋጋ ለትምህርት ቤቱ እሰጣለሁ። ቁልፉን ግን ወላጅ ይያዘው። ክትባቱን አሁንም አልፈርምም።

ጋሼ መምህሩ፦
ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?