የአጭር ልብ ወለዴ የመጨረሻ አንቀጽ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦
ዘጠኝ ገጽ የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ከጨረስኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ታሪኩ ሰባት ዓመት ጅዳ ሠርቶ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ አባት፣ አያቷ ዘንድ ካደገች የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ጋር የተገናኘበትን አንድ ከሰዓት በኋላ ይተርካል። መዝጊያው ላይ «ስደት ገንዘብ ቢያስገኝም የአባትንና የልጅን ፍቅር እንደሚያቀዘቅዝ ያን ጊዜ ገባው» የሚል አንቀጽ አለ። ያነበቡልኝ ሁለት ጓደኞቼ እዚህ ላይ ስብከት ሆነብን አሉኝ። አንቀጹን ባወጣው ግን ፍሬ ነገሩ አንባቢውን እንዳያመልጠው እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመጀመሪያ መልስ፦
ያውጡት። ታሪክን በምክር የመዝጋት ልማድ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ከሰማነው ተረት የወረስነው ይመስለኛል፤ ለተረት ያምራል፣ ለአጭር ልብ ወለድ ግን አንባቢው ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ስሜት ቀድሞ ይነጥቀዋል። ደራሲ ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተሰኘውን የአጭር ልብ ወለድ መድበል በ1949 ዓ.ም. ካሳተሙ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ የአማርኛ አንባቢ ለዚህ የአጻጻፍ ዘርፍ እንግዳ አይደለምና ይመኑት።

በአንቀጹ ፈንታ ቋንቋችን የሰጠንን መሣሪያ ይጠቀሙ። ልጅቷ በስልክ «አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?» ስትለው ከቆየች በኋላ፣ ፊት ለፊት ስታገኘው «ቡና ይጠጣሉ?» ብትለው፣ ሰባቱ ዓመታት በአንዲት ግሥ ውስጥ ይሰማሉ። አባትየው ምን እንደተሰማው አይንገሩን፤ እጁ ምን እንደሚያደርግ ያሳዩን።

ሁለተኛ መልስ፦
በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በብዙ የገጠር ቤት፣ በከተማም በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ፣ ልጅ አባቱን በአንቱታ መጥራቱ የአክብሮት እንጂ የመራራቅ ምልክት አይደለም። አንባቢው በዚያ ዓይነት ቤት ያደገ ከሆነ «ይጠጣሉ» የሚለውን የጨዋ ልጅ ወግ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ «ትመጣለህ» ቀደም ብሎ፣ ቢቻል ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በተለያየ የስልክ ንግግር ውስጥ መሰማት አለበት። የዚህ ቤት ወግ ምን እንደነበረ ያላወቀ አንባቢ ወጉ ሲለወጥ ሊያስተውል አይችልም።

ሦስተኛ መልስ፦
እኔ የምጨምረው ስለ ዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። «“ቡና ይጠጣሉ?” አለችው፣ እንግዳ ሰው ፊት እንደቆመች ልጅ አንገቷን ደፍታ እየተሽኮረመመች» ብለው ከጻፉ፣ ያወጡት ማብራሪያ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። «አለችው» ብቻውን ይበቃል። ከንግግሩ በፊት ያለውን ድርጊት ግን ጊዜ ይስጡት፦ ስኒውን ተቀብላ፣ ወደ እሱ ሄዳ፣ ጥቂት ቆማ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን የሚቋጨውን ግሥ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢው እስኪደርስበት ድረስ ይጠብቃል፤ ያ ጥበቃ ለልጅቷ ማመንታት ልክ የሆነ ቦታ ነው። እኔ በበኩሌ ከሦስት በላይ እንዲህ ያሉ ግሦችን አልደረድርም፤ ሲበዙ ትንፋሽ ያሳጥራሉ።

የጠያቂው ምላሽ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንቀጹን ሰርዤዋለሁ። ረቂቁን ስመለከተው ልጅቷ በስልክም በአካልም «አንተ» ስትለው ነበር፤ ሰባት ዓመት ያላያትን ልጅ እንደ ትናንት እንድታናግረው ማድረጌ ስሕተት እንደነበረ አሁን ይታየኛል። የስልኩን ንግግር በሁለተኛውና በአራተኛው ገጽ አስገብቻለሁ። መዝጊያው አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«አያቷ የቀዱላትን ስኒ ተቀብላ፣ በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ቆመች። “ቡና ይጠጣሉ?” አለችው። ተቀበላት። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማንኪያውን ማዞሩን አልተወም።»