የትክትክ ሳል መርዝን የሚለየው አንቲቦዲ በራሴ ናሙና ላይ ለምን ባንድ አላሳየም?

ጠያቂ (ተማሪ፣ አራት ኪሎ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ማሟያ ጽሑፌ የትክትክ ሳል ባክቴሪያ፣ ማለትም ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ፣ የሚያመነጨውን ፐርቱሲስ ቶክሲን የተባለ መርዝ እያጠናሁ ነው። የምጠቀመው ከአይጥ የተገኘ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ (አንድን የተወሰነ ክፍል ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ሲሆን የሚይዘውም ኤስ1 የተባለውን የመርዙን ክፍል ነው። በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ በሚያሳየው ዘዴ፣ የተጣራ መርዝ ስጭን 28 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ጥርት ያለ ባንድ፣ ማለትም የፕሮቲኑን መኖር የሚያሳይ ምልክት፣ ይታየኛል፤ ራሴ ካሳደግሁት ባክቴሪያ ያዘጋጀሁት ናሙና ግን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ምንም አላሳየኝም። ናሙናውን የማዘጋጀው ባክቴሪያውን በሴንትሪፉጅ አዝቅጬ፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ አስወግጄ፣ ዝቃጩን በማፍላት ነው። በዚህ ክረምት መብራት በተደጋጋሚ ስለጠፋ አንቲቦዲው ማቀዝቀዣው ውስጥ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ሠግቻለሁ። ሌላ ለማዘዝ አቅሙም ጊዜውም የለኝምና እባካችሁ ምከሩኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ለገሃር)፦ እኅቴ፣ አንቲቦዲውን በትንንሽ ቱቦዎች አከፋፍለሽ አስቀምጪው፤ ደጋግሞ መቀዝቀዝና መቅለጥ ከጥቂት ሰዓት የመብራት መጥፋት ይልቅ ይጎዳዋል።

ተመራማሪ (ሜክሲኮ)፦ ምክሩ መልካም ነው፤ ችግሩ ግን አንቲቦዲው አይመስለኝም። በዚያው ሜምብሬን (ፕሮቲኖቹ በሚለጠፉበት ስስ ወረቀት መሰል ነገር) ላይ የተጣራውን መርዝ ካሳየሽ አንቲቦዲው ሥራውን እየሠራ ነው። ይህ መርዝ ከአምስት ዓይነት ክፍሎች የተገነባ ሲሆን ኤስ4 ሁለት ጊዜ ስለሚገባ በድምሩ ስድስት ቁራጮች አሉት፤ ባክቴሪያውም ገጣጥሞ ወደ ውጭ ይለቀዋል። ስለዚህ አብዛኛው መርዝ የሚገኘው አንቺ ባስወገድሽው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ፈሳሹን አጣርተሽ፣ ፕሮቲኑን በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አዝቅጠሽ ጫኚው። ለመሆኑ ባክቴሪያውን የምታሳድጊው በስንት ዲግሪ ነው?

ጠያቂ፦ ኢንኩቤተሩ በ36 ዲግሪ ነው የተስተካከለው። ሆኖም ጄኔሬተሩ የሚደግፈው ማቀዝቀዣዎቹን ብቻ በመሆኑ፣ ሌሊት መብራት በጠፋባቸው ቀናት ጠዋት ስደርስ ቴርሞሜትሩ 24 ያሳይ ነበር።

ተመራማሪ (ሜክሲኮ)፦ ይህን በመጥቀስሽ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው እርሱን ነው። ይህ ባክቴሪያ ቢቪጂ የተባለ መቆጣጠሪያ አለው፤ ሙቀቱ ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ፣ ወይም በምግቡ ውስጥ ማግኒዚየም ሰልፌት ሲበዛ፣ ባክቴሪያው ሳይሞት የመርዙን ጂኖች ሥራ ያቆማል። ሙቀቱ ሲመለስ ጂኖቹ እንደገና ሥራ ቢጀምሩም ጊዜ ይወስዳል። ብሎቱን ከመድገምሽ በፊት የደም አጋር ሳህንሽን (ባክቴሪያው የሚያድግበትን ደም ያለበት ምግብ) ወደ ብርሃን አንሥተሽ ተመልከቺ፦ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ትንንሽና ጉብ ጉብ ያሉ ኮሎኒዎች (በዓይን የሚታዩ የባክቴሪያ ስብስቦች) ይሠራል፣ በዙሪያቸውም ደሙ ሟሙቶ ይጠራል። ኮሎኒዎቹ ጠፍጣፋና ሰፋ ያሉ ከሆኑ፣ ዙሪያቸውም ካልጠራ፣ ያ ባክቴሪያ መርዝ እያመነጨ አይደለም። ሙቀት ካስተካከልሽም በኋላ ካልተለወጠ ወደ አዲስ ምግብ ደጋግሞ በማሻገር ብዛት የተለወጠ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሪያው ክምችት አዲስ አውጪ።

ሌላ አባል (ፒያሳ)፦ አንድ ነገር ልጨምር። ለማነጻጸሪያ ቦርዴቴላ ፓራፐርቱሲስን አብረሽ ጫኚ፤ የመርዙ ጂኖች ቢኖሩትም መርዙን አያመነጭምና ባንድ ካሳየ አንቲቦዲሽ ሌላ ነገር እየያዘ ነው ማለት ነው። ወደፊት አንቲቦዲው መርዙን ማክሸፍ አለማክሸፉን በሕያው ሴሎች ላይ ልትፈትኚ ካሰብሽ ደግሞ ማቆያ ፈሳሹ ሶዲየም አዛይድ (ተህዋስያን እንዳያድጉበት የሚጨመር ኬሚካል) እንዳለበት መለያውን አንብቢ፤ አዛይድ ራሱ ሴሎችን ስለሚጎዳ ቀድሞ በዲያሊሲስ፣ ማለትም ትንንሽ ሞለኪውሎችን በስስ ሽፋን አሳልፎ በማስወገጃ ዘዴ፣ መውጣት አለበት።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሳህኖቹን አየኋቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ላይ ኮሎኒዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ዙሪያቸውም አልጠራም። ከሌላው ሳህን አዲስ አሳድጌ፣ ኢንኩቤተሩንም ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር አስገናኝቼ፣ ፈሳሹን አዝቅጬ ጫንሁ። 28 አካባቢ ፈዘዝ ያለ ባንድ ታይቷል፤ በዝቃጩ መስመር ላይ ግን አሁንም ምንም የለም። ፓራፐርቱሲሱን ከሌላ ላቦራቶሪ እስካገኝ እየጠበቅሁ ነው።