ወጥ ቤቴ የተቀባው ዘይት ቀለም መጣበቅ ጀመረ፤ ምን ይሻላል?

ቤት አዳሿ፦
ሰላም ወገኖች። የእናቴን ቤት እያሳደስኩ ነው። ወጥ ቤቱን በሰኔ መጀመሪያ አስለሰንኩት። ቀቢው በ10 ቀኑ ዘይት ቀለም ሁለት እጅ ቀባበት። ያኔ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። አሁን ነሐሴ ላይ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ጣቴን ሳሳርፍበት ይጣበቃል። ማር የመሰለ ቡናማ ነገር ጠብ ጠብ ብሎ ወጥቷል። በእርጥብ ጨርቅ ስፈትገው አሙለጨለጨኝ፣ አረፋም አወጣ። ቀቢው ቀለሙ ፎርጅድ ነው ይላል፤ ሻጩ ደግሞ ቀቢውን ይወቅሳል። በላዩ ላይ ደግሜ ላስቀባ? ከአምና የተረፈኝ ግማሽ ጣሳ ቲነርም አለ፤ ስከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ።

የላቦራቶሪ ሰው፦
እህቴ፣ ቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሽው አረፋ የሳሙና ነው። ግድግዳሽ ላይ ሳሙና ተሠርቷል።

ዘይት ቀለም የምንለው አልኪድ ነው። ሞለኪውሉ የተያያዘው ኤስተር በሚባል፣ ከአሲድና ከአልኮል በሚሠራ ማያያዣ ነው፤ ሞራ ውስጥም ያለው እሱ ነው። ሞራ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ሳሙና ይሆን የለ? አዲስ የሲሚንቶ ልስንም እንደ ኮስቲክ ሶዳው ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፣ 7 መሃሉ ነው) ከ12 በላይ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ኤስተሩን ከጀርባ እየበጠሰ ይሄዳል። ግድግዳው ደረቅ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ማጠቢያው ጋ የጀመረውም ለዚህ ነው፤ ክረምቱም አግዞታል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ሁለት የሲሚንቶ ቁራጭ፣ አንዱን በአልኪድ አንዱን በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን ቀለም) ቀብቶ የኖራ ውሃ ውስጥ ነከራቸው። በኋላ ሲወጡ አልኪዱን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። አክሪሊኩ በጥፍርም አልነሳ አለ። አክሪሊክም ኤስተር አለው፤ ግን በጎን የተንጠለጠለ ነው። ዋናው ሰንሰለት ካርቦን ከካርቦን ስለሆነ ውሃ አይቆርጠውም።

ስለዚህ በላዩ አታስቀቢ። እስከ ልስኑ ይፋቅ፣ በውሃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አልካሊ የሚችል ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ)፣ በላዩ አክሪሊክ። ስትገዢ ፕላስቲክ ቀለም ብቻ ብለሽ እንዳታልፊ፤ ማያያዣው ቪኒል አሲቴት ብቻውን የሆነው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እሱም ይፈርሳል።

ቲነሩ የሸተተሽ እውነተኛ የኮምጣጤ አሲድ ነው። አሲቴት (እሱም ኤስተር ነው) ያለበት ቲነር ውሃ ከገባበት ቀስ እያለ ወደ አሲድና አልኮል ይለወጣል። አሲዱ ደግሞ ለውጡን ያፋጥነዋል፣ ጣሳውንም ያዝጋል። ቀለም ውስጥ አትጨምሪው።

ቀቢ ከነልጁ፦
እኔም ቀቢ ነኝ። 28 ቀን ይቆይ ስል ሌላ ቀቢ የሚጠሩ አሉ፤ ያሳዝነኛል። በክረምት እንዲያውም 28ቱም አይበቃም። ማታ ካሬ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፌ እሄዳለሁ። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ላብ ከያዘ ብሩሼን አላወጣም።

ቤት አዳሿ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሳሎኑ ላይ ላስቲክ ለጥፌ አደርኩ፤ ዛሬ ጠዋት ውሃው በጣቴ ይጻፍበታል። ሰኞ ሊመጣ የነበረውን ቀቢ ደውዬ አስቀርቼዋለሁ።