ማስፈራራት በጉልበት ነው በካሪዝማ?

ባርቤሪያኑ፦ ቅዳሜ ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ገጸ ባሕርይ ይዘን በወሬና በዳይስ ከምንጫወተው ጨዋታ) ለቀራችሁት ልንገራችሁ። የኔ ገጸ ባሕርይ ግማሽ ሰው ግማሽ ኦርክ (ግዙፍ ጭራቅ) የሆነ ባርቤሪያን፣ ማለትም ጨካኝ ተዋጊ ነው፤ ጉልበቱ 18 ነው። የጎብሊኑን (የትንሹን ጭራቅ) ጦር ቀምቶ እንደ መፋቂያ ቀጭ አደረገው። «አለቃህ የት ነው?» አልኩት። ዲኤማችን (ጨዋታውን የሚመራውና የሚዳኘው) «በካሪዝማ ዳይስ ጣል» አለኝ። ካሪዝማዬ፣ ማለትም ግርማ ሞገሴ፣ 8! ጎብሊኑ ሳቀብኝ። ይሄ ፍርድ ነው?

ዲኤም፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ማሳመንንም ማስፈራራትንም ለካሪዝማ ነው የሰጠው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።

ባርቤሪያኑ፦ እሺ ሂሳቡን እንየው። ዳይሱ ባለ 20 ገጽ ነው፣ ማለፊያው 15 ነበር። ካሪዝማዬ 8 ስለሆነ ከጣልኩት 1 ይቀነስብኛል፣ 16 ወይም ከዚያ በላይ ካልጣልኩ የለሁም። 25 በመቶ። በጉልበት ቢሆን ለ18ቱ 4 ይጨመርልኝና 11 ይበቃኛል፣ 50 በመቶ። እጥፍ እኮ ነው!

ባርዷ፦ ወንድሜ፣ ጉልበትህ በር ይሰብርልሃል፣ ያታግልሃል፣ ሰይፍ ያስመታሃል። አሁን ደግሞ አፍም ይሁንልህ? እኔ ባርድ ነኝ፣ በዜማና በአንደበት የምኖር፤ ሁለቴ ከተመታሁ ወዳቂ ነኝ፣ ያለኝ ምላሴ ብቻ ነው። ደግሞ ፍርሃት በጡንቻ ብቻ አይመጣም። አያቴ ቁመቷ ደረቴ ጋ ነው። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ስታይ ግን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሲጋራውን ከኋላው ይደብቃል። ጉልበቷ ስንት ይሆን?

ባርቤሪያኑ፦ አያትሽ ጦር አልሰበሩም 😂

አስማተኛው፦ መጽሐፉን ሳትገልጡ ነው የምትጨቃጨቁት። የ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ላይ፣ ዲኤሙ ከፈቀደ ክህሎቱን በሌላ ችሎታ መጣል ይቻላል የሚል አማራጭ ሕግ አለ። ምሳሌው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ጉልበቱን አሳይቶ ጠላት የሚያስፈራራ ግማሽ ኦርክ ባርቤሪያን!

ባርቤሪያኑ፦ እልልል!

ባርዷ፦ «ከፈቀደ» የምትለዋንም አንብባት።

ብቸኛው፦ እናንተ ቢያንስ የምትለምኑት ዲኤም አላችሁ። እኔ ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ነው ብቻዬን የምጫወተው። ዳይስ የለም። የንግግር ነጥብህ ከሞላ ሞላ፣ ካልሞላ የምትለው ነገር ራሱ የቂል ንግግር ሆኖ ይጻፍልሃል። አይቶ ማፈር ነው።

ዲኤም፦ በቃ፣ ተሸንፌያለሁ። ጦር ስትሰብር በጉልበት ጣል። ወሬ ብቻ ከሆነ ግን በካሪዝማ። ማሳመን እንዳለ ይቀራል፣ ባርዷ አትስጊ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ጉልበትህ ጎብሊኑን ያንቀጠቅጠው ይሆናል፣ እውነቱን ያናግረዋል ማለት አይደለም። የፈራ ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ነው የሚለው።

ባርቤሪያኑ፦ ተስማምቻለሁ። የቅዳሜውን በጉልበት ልድገመው?

ዲኤም፦ ማን ላይ? አንተ እዚህ ስትከራከር ጎብሊኑ አለቃው ጋ ደርሷል።