«ጨው የሚጨምር ሁሉ አታላይ ነው» ለተባለው

ነጋዴዋ ከቀፊራ፦ ትናንት እዚህ ድሬዳዋ በሰፈራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ፈሳሽ ሳሙና ላይ ጨው የሚጨምር ሁሉ አታላይ ነው» አለ፤ ተጨበጨበለትም። እኔ ቴክሳፖን፣ የፈሳሽ ሳሙና መሥሪያውን ዝልግልግ ኬሚካል፣ በጥብጬ ነው ልጆች ያሳደግሁት። ጨው ካልገባበት ሳሙናው እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ሲበዛ ደግሞ መልሶ ይቀጥናል። ልኩን ማወቅ ሙያ እንጂ ማታለል አይደለም።

የሳቢያን እናት፦ እህቴ፣ አትቆጪ። ግን ወፍራም ነው ብዬ የገዛሁት ሳሙና ሁለት ሳህን ሳያጥብ አረፋው ጠፋ። ይህንስ ምን እንበለው?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ስሕተቱ «ሁሉ» የምትለው ቃል ላይ ነው። የሳሙና ሞለኪውሎች ሲበዙ ውሃ የሚሸሸውን ጭራቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ይሰበሰባሉ፤ ቅባት የሚይዘው ይህ ስብስብ ማይሴል ይባላል። ራሶቻቸው አሉታዊ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ የጨው ሶዲየም ግፊያውን ያበርደዋል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይሰበሰባሉ። የቴክሳፖን ዘመድ የሆነው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት በንጹሕ ውሃ ማይሴል መሥራት የሚጀምረው በሊትር 8 ሚሊሞል (የሞለኪውል ብዛት መለኪያ ነው) ገደማ ሲደርስ ነው፤ በሊትር 6 ግራም ያህል ጨው ካለ ግን 1.5 ገደማ ይበቃዋል። ቴክሳፖንም ላይ ጨው ሲጨመር ማይሴሎቹ ረዝመው እንደ ትል ይጠላለፋሉ፤ ውፍረቱ ከዚያ ይመጣል።

የሳቢያን እናት፦ መምህር፣ የሚሉት ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ ነው። እኔ የማጥበው ባልዲ ውስጥ ነው! እዚያ ሲገባ ጨውም አብሮ ይቀጥናል። ሳሙናው ከመነሻው ጥቂት ከሆነ ውፍረቱ ምን ይጠቅመኛል?

የኬሚስትሪ መምህር፦ በዚህስ እውነት አለዎት። ውፍረት የሳሙናን ብዛት አይናገርም።

የሐረር ልጅ፦ ሳሙናውን ትታችሁ የድሬዳዋን ውሃ ክሰሱ። ጀበናችሁን እንኳ ነጭ አድርጎ ይጋግረዋል።

የከዚራ ነዋሪ፦ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረር ውሃ የምታገኘው ከየት ነው? ከእኛው አካባቢ ጉድጓድ አይደለም ወይ?

የሐረር ልጅ፦ ውሃ ስለሰጣችሁን ዝም እንበል?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ተዉ እንጂ! ጀበናውን ነጭ አድርጎ የሚጋግረው የውሃው ካልሲየምም የሳሙናውን ራሶች ግፊያ ያበርዳል፤ እንዲያውም ከሶዲየም ይብሳል። ነገር ግን ደረቅ ሳሙና ሲያገኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፤ ሳሙናው ያለ ሥራ ያልቃል። ቴክሳፖን ካልሲየምን በተሻለ ይቋቋማል። ለዚህ ከተማ የሚሻለው እሱ ነው።

የሳቢያን እናት፦ እንግዲያው ጠርሙሱ ላይ ሳሙናው ምን ያህል እንደሆነ ይጻፍልን።

ነጋዴዋ ከቀፊራ፦ እኔ ነገውኑ እጽፋለሁ። «ሁሉ» ያለው ሰውዬ ግን በተጨበጨበለት ስብሰባ ፊት ቆሞ ቃሉን ያንሣልኝ።