አፓርታማ ለቆ ሞተርሆም መግባት፦ አድራሻውስ? ኢንሹራንሱስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ትራቨል ነርስ ነኝ፤ በአጭር ኮንትራት ከከተማ ከተማ እየተዘዋወርኩ እሠራለሁ። ባለቤቴ ግሪን ካርድ አለው፤ ዜግነት የሚያመለክትበት ጊዜ ደርሷል። ኮንትራት ባገኘሁበት ከተማ ሁሉ ቤት መከራየት ከበደን። የሜሪላንዱን አፓርታማ ለቀን ሞተርሆም፣ ማለትም ቤት የሆነ መኪና፣ ልንገባ ነው። አድራሻችንን የት እናድርግ? ኢንሹራንሱስ? የምታውቁ ምከሩን።

— እህቴ፣ እኛም በዚሁ ኑሮ ላይ ነን። መጀመሪያ ስቴት ምረጡ። ታርጋው፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ሳውዝ ዳኮታን፣ ቴክሳስን ወይም ፍሎሪዳን ይመርጣል፤ ሦስቱም በደመወዝ ላይ የስቴት ግብር የላቸውም። ግን ካሊፎርኒያ ሄደሽ ከሠራሽ እዚያ ለሠራሽው ለካሊፎርኒያ ትከፍያለሽ። ሳውዝ ዳኮታ መንጃ ፈቃድ ለመስጠት እዚያ ያደራችሁበትን የካምፕ ወይም የሆቴል ደረሰኝ ይጠይቃል። ቴክሳስ ሊቪንግስተን ያለው ኤስኬፒስ የሚባለው የሞተርሆም ተጓዦች ክለብ ደግሞ ለአባላቱ ፖስታ ተቀብሎ ያሉበት ድረስ ይልካል።

ባለቤትሽ ግን ይቅደም። ዜግነት ሲያመለክት በዚያ ስቴት ወይም በኢሚግሬሽኑ ዲስትሪክት ቢያንስ 3 ወር የኖረ መሆን አለበት። ስለዚህ ማመልከቻውን ሳያስገባ ስቴት አትቀይሩ። አድራሻ በቀየረ ቁጥር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ለፖስታ ቤት መንገር ይህን አይተካም። የአድራሻ ለውጥ ማሳወቂያው ቅጽ የሚኖርበትንና ፖስታ የሚደርስበትን ለየብቻ ስለሚጠይቅ ጠበቃ አማክሩ።

ኢንሹራንሱ ላይ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ተራው የሞተርሆም ኢንሹራንስ የተሠራው ለሽርሽር ነው። እናንተ የምትፈልጉት «ፉል ታይመር» የሚባለውን ነው። እሱ እንደ ቤት ኢንሹራንስ ነው፦ እንግዳ ደረጃችሁ ላይ ወድቆ ቢጎዳ የሚመጣባችሁን ዕዳ ይሸፍናል። ዕቃችሁንም እንዲሸፍን ጠይቁ። እኛን አንድ ኤጀንት «ለእረፍት ብቻ ነው በሉ፣ ይረክሳል» ብሎን ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ምክር በፍጹም አትቀበሉ። አደጋ ሲደርስ ኩባንያው የት እንደምትኖሩ ያጣራል፤ ውሸት ካገኘ ካሳውን ሊከለክላችሁ ይችላል። የጤና ኢንሹራንሱም ከስቴታችሁ ውጭ ከድንገተኛ ሕክምና ሌላ ምን እንደሚሸፍን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

— ስለ ስታይፔንዱ ማንም አላነሳም፤ ትልቁ ገንዘብ ግን እዚያ ነው። እኔም ትራቨል ነርስ ነኝ። ለቤትና ለምግብ የሚሰጡን ገንዘብ ከግብር ነፃ የሚሆነው ቋሚ መኖሪያችንን ትተን ስለምንሄድ ነው። አፓርታማውን ለቀሽ ሞተርሆሙ ብቻ ከቀረሽ፣ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ቋሚ ቤት እንደሌለው ተዘዋዋሪ ያይሻል። ያኔ ስታይፔንዱ እንደ ደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል። ፖስታ የሚቀበልልሽ አድራሻ መከራየት ይህን አይለውጠውም።

— አመሰግናለሁ፣ ስታይፔንዱ በሐሳቤም አልነበረም። እናቴ ሜሪላንድ ቤት አላት። እዚያ ክፍል አለኝ ብዬ ብፈርምስ?

— ለስሙ ብቻ ከሆነ አይሆንም፣ እህቴ። ለእናትሽ እውነተኛ የገበያ ኪራይ መክፈል አለብሽ፤ በቼክ ወይም በባንክ ይሁን፣ ማስረጃ እንዲኖርሽ። እሷም በገቢዋ ላይ ታሳውቃለች። በየጊዜው ተመልሰሽ ማደርና እዚያው አካባቢም መሥራት ይጠቅምሻል። እንዲያ ካደረግሽ ግን የሜሪላንድ ነዋሪ ነሽ፤ የስቴቱን ግብር ትከፍያለሽ፣ ሳውዝ ዳኮታም ይቀራል። የሚቀጥርሽ ኤጀንሲ ስለ ቋሚ መኖሪያሽ የሚያስፈርምሽን ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ሁለቱንም መንገድ የግብር ባለሙያ ያስላልሽ።